እናቴን ሕመሙ ለቀቃት፤ ማስመለሱ ግን አልቆመም

የዘጌዋ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ቅባት በበላች ቁጥር ቀኝ ጎኗን እያመማት፣ "ጨጓራ ነው" እየተባለች ሦስት ዓመት ኖረች። አምና በአልትራሳውንድ ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ተገኘ። ኦፕራሲዮን ፈርታ ተወችው። ባለፈው ሳምንት ክፉኛ ታማ ድንገት ለቀቃት። ተሻላት ብለን እልል አልን። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ታስመልሳለች። መጀመሪያ ምግቡን፣ አሁን አረንጓዴ ውሃ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ይቅርታ፣ ፈስ እንኳ የለም። የጠዋቱን ጀልባ ልጠብቅ?

ሲስተር፦ ጀልባ አትጠብቂ! ያገኘሽውን መኪና ያዢና አሁኑኑ ባሕር ዳር አምጫት፤ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ይሁን፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ይሄ አንጀት የተዘጋ ይመስላል። ደጋግሞ የቆሰለ ሐሞት ከረጢት ከአንጀት ጋር ይጣበቃል። ትልቅ ጠጠር ግድግዳውን በስቶ አንጀት ውስጥ ይገባል። ያኔ ሕመሙ ቀለል ሊል ይችላል፤ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ጠጠሩ ወርዶ ወርዶ ትንሹ አንጀት ሊያልቅ ሲል ጠባቡ ቦታ ላይ ይሰነቀራል። ብዙ የሚያጋጥም አይደለም፤ ሲያጋጥም ግን በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ ይበዛል። በአፏ ምንም እንዳትሰጫት፣ ውሃም ቢሆን።

አባይ ማዶ፦ እኛ አክስታችንን በወይራ ዘይትና በሎሚ ነው ያዳንናት። ጠጠሩ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ባይኔ አይቻለሁ።

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ያየኸው ዘይቱና ሎሚው ሆድ ውስጥ ረግተው የሠሩት ሳሙና ነው። አንጀቱ የተዘጋ ሰው ላይ ዘይት መጋት ደግሞ... ተወው።

ባለ ታንኳው፦ አባቴን እንዲሁ አድርጎት ነበር። ራጁ ላይ ጠጠሩ አልታየም፤ ሐሞት ቱቦው ውስጥ የገባ አየር ግን ታየ። ጉዱን ያወጣው ሲቲ ስካን ነው። ጠጠሩ ሲወጣ ግማሽ እንቁላል ያክላል፣ መልኩ ቡና። አቅሙ ደካማ ስለነበር ከረጢቱን በዚያ ቀን አልነኩትም። የጤና መድን ደብተሯንና የአምናውን ወረቀት ያዢ።

እመት፦ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል? የኔ እህት ጠጠሩ የከረጢቱ አንገት ላይ ተቀርቅሮ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ተጭኖት ነበር። ሚሪዚ ይሉታል። እኛ የወፍ በሽታ ነው ብለን ሁለት ሳምንት ቅጠል ስናጠጣት ከረምን።

የዘጌዋ፦ ዓይኗ ደህና ነው። መንገድ ላይ ነን።

የዘጌዋ፦ ደርሰናል። በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት አረንጓዴው እየወጣ ነው፣ ሆዷም ትንሽ ሟሸሸ። ሲቲ ታዟል። ደብተሩን ግን ረሳሁት፤ ወንድሜ በጠዋቱ ጀልባ ያመጣዋል።