«ባይ ፋይቭ» ማለት ልክ በ5 ሰዓት ነው? እባካችሁ ቶሎ በሉ

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦ ሰላም ናችሁ? የእንግዳ ማረፊያ ሪሴፕሽን ነኝ። ከናይሮቢ የሚመጡ ሰዎች መልእክት ላኩ፦ «ዊ አር ካሚንግ ባይ ካር። ዊ ዋንት ኤ ሩም ባይ ዘ ሌክ። ፕሊስ ኮንፈርም ባይ ፋይቭ ቱዴይ።» «ባይ»ን «በ» ብዬ ነው የማውቀው። በመኪና የሚለው ገብቶኛል። «በሐይቁ ክፍል» ግን ምንድን ነው? አሁን 4 ተኩል ሆኗል፤ አለቃዬ ስልክ አያነሳም።

የታቦር ልጅ፦ ባይ ባይ ብለው ተሰናብተውሽ እንዳይሆን!

መምህሩ፦ እህቴ፣ «ባይ» ብዙ ትርጉም አለው። መጽሐፍ ላይ ከደራሲው ስም ፊት ሲገባ ሠሪውን ያሳያል። ምንጣፍ «ስሪ ባይ ፎር» ከተባለ 3 በ4 ሜትር ነው። «ሊትል ባይ ሊትል» ቀስ በቀስ ነው። ቃልን ለብቻው መሸምደድ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ከነዓረፍተ ነገሩ ነው መያዝ ያለበት።

ባለባጃጁ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ሰዓት እየሄደባት ነው። «ባይ ዘ ሌክ» ሐይቁ ዳር ማለት ነው።

አስተርጓሚዋ፦ «ባይ ፋይቭ» ልክ በ5 አይደለም፤ ከ5 ሳያልፍ ነው። ቀደም ብለሽ ብትመልሺ ደስ ይላቸዋል። አማርኛችን ለሁለት ነገር «እስከ» ስለሚል ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሱቁ እስከ 2 ሰዓት ክፍት ነው» ካልሽ «አንቲል» ነው፣ እዚያ ድረስ የሚቀጥል ነገር። «ብሩን እስከ 2 ሰዓት አስገባ» ካልሽ ግን «ባይ» ነው፣ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ።

የታቦር ልጅ፦ ሐይቁ ዳር ማለት ነው።

ባለባጃጁ፦ ብያለሁ እኮ!

ፀሐይ መውጫ፦ እኔ በጥያቄው አልስማማም። ዋናው ነገር «ባይ» ሳይሆን ሰዓቱ ነው። መልእክቱ መቼ ደረሰሽ?

ጠያቂ፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ።

ፀሐይ መውጫ፦ በቃ፣ የሌሊቱ ፋይቭ አልፏል። የእነሱ ፋይቭ የእኛ 11 ሰዓት ከሰዓት ነው። ናይሮቢና እኛ ሰዓታችን እኩል ነው፤ አቆጣጠሩ ብቻ በ6 ይለያያል። ስትመልሺ ግን «ፒኤም» (ከሰዓት ማለት ነው) ጨምሪበት።

ጠያቂ፦ ተመስገን! ግን ክፍላችን ዳር ላይ አይደለም። ከፎቁ ሐይቁ ይታያል እንጂ ሐይቁ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ ለመድረስ በባጃጅ ነው።

አስተርጓሚዋ፦ እንግዲያው «ባይ ዘ ሌክ» ብለሽ እንዳታረጋግጪ፤ መጥተው ይጣሉሻል። «ዊዝ ኤ ሌክ ቪው» በይ፣ ሐይቁ የሚታይበት። ርቀቱንም ጻፊላቸው፤ «ባይ ባጃጅ» ትክክል ነው።

መምህሩ፦ በእግር ከሆነ ግን «ኦን ፉት» ይባላል፤ «ባይ ፉት» ብዙም አይባልም።

ባለባጃጁ፦ በእግር ምን አስኬዳቸው? ዋጋውን ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።