ጀጎል ውስጥ የጠፋች ድመትን በአነፍናፊ ውሻ መፈለግ ይቻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከድሬዳዋ ከዚራ ወደ ሐረር ተዛውሬ፣ ጀጎል ውስጥ ከመኪና ግርግር ገባ ብሎ ባለ ግቢ ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ አሥር ቀን ሆኖኛል። ማክሰኞ ማታ ቀሪው ዕቃዬ ሲገባ በሩ ተከፍቶ ስለነበር ድመቴ ቡሊት ወጥታ ቀረች፤ ዛሬ ሦስተኛ ሌሊቷ ነው። ግራጫ ናት፣ ደረቷ ነጭ ነው፣ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ከቤት ወጥታ ስለማታውቅ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጎረቤቴ የሚያውቋቸው አንድ ጡረታ የወጡ የውሻ አሠልጣኝ አነፍናፊ ውሻቸውን ይዘው ሊመጡልኝ ፈቅደዋል። ውሻው ይበልጥ አያስደነግጣትም ወይ? ሌሊት በየመንገዱ የሚዞረው ጅብስ ጠረኗን አያጠፋውም? ምን ማዘጋጀት እንዳለብኝም ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከድሬዳዋ፣ በውሻ ሥልጠና የሠራሁ

እህቴ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን ዋናው ነገር ውሻው ምን እንደተማረ ነው። የሰው ዱካ እንዲከተል ብቻ የሠለጠነ ውሻ ድመት ሲሸትተው ሊያሳድዳት ስለሚችል፣ ከመምጣታቸው በፊት ውሻው በድመት ጠረን ተሞክሮ እንደሚያውቅ ሳያፍሩ ይጠይቋቸው። ካልተሞከረ የጎረቤት ድመት በካርቶን አድርገው ሦስተኛው ቤት ያስቀምጡ፣ የተኛችበትን ጨርቅ ያሽትቱትና ይልቀቁት፤ ደርሶ ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ ይታመናል፣ ከጮኸና ካርቶኑን ከቧጠጠ ግን ምስጋናዎን አቅርበው ይሸኙት።

ለማሽተቻ የሚሆነው ቡሊት ብቻዋን የተኛችበት፣ ያልታጠበ ጨርቅ ነው። በእጅዎ አይንኩት፤ አዲስ ፌስታል ገልብጠው እጅዎ ላይ እንደ ጓንት ያጥልቁና ጨርቁን ይዘው ፌስታሉን ወደ ውጭ መልሱት፣ አፉንም ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ሌላ ድመት የተኛበት ወይም ሽቶ የነካው ከሆነ ውሻው የማንን ጠረን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል።

ጠረን ማለት ከቆዳ እየረገፈ መሬት ላይ የሚቀር ጥቃቅን ፍርፋሪና በላዩ የሚኖሩ ተሕዋስያን የሚያወጡት ሽታ ነው፤ ፀሐይና ድርቀት ቶሎ ያዳክሙታል፣ ጥላና እርጥበት ያቆዩታል። እኛ ድሬዳዋ ላይ አስፋልቱ ከረፋድ በኋላ ሲግል ሥራው ከባድ ይሆናል፤ የጀጎል ጠባብ መንገዶች ግን በድንጋይ ግንብ ስለተከለሉ ይሻላሉ። ጅቡን በተመለከተ ጠረኑ የቡሊትን አያጠፋውም፣ ውሻውን ግን ሊያስፈራው ወይም ሐሳቡን ሊከፍለው ይችላል። ስለዚህ ጅቦቹ ከቅጥሩ ከወጡ በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ይጀምሩ። ውሻው ረጅም ማሰሪያ ላይ ይሁን፤ አንድ ቦታ ላይ ካተኮረ ወደኋላ ይመለስና እርስዎ ብቻዎን ይቅረቡ።

መልስ፦ የጀጎል ነዋሪ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ጎረቤት ነው። አብዛኛው የሐረር ሙስሊም የሻፊዒን መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አካሄድ) ስለሚከተል፣ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ አንዱን ጊዜ ከአፈር ጋር ጨምሮ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት ብሎ ያምናል። ስለዚህ ዛሬ ማታውኑ በየቤቱ እየዞሩ ያስፈቅዱ፣ ውሻውም ደጃፍ ላይ እንጂ ግቢ ውስጥ እንደማይገባ ይንገሯቸው። ድመት ግን በእኛ ዘንድ የተወደደች ናት፤ ምልክቷን ከነገሯቸው እናቶች ራሳቸው ጓዳቸውን ይፈትሹልዎታል። ነገ ዓርብ ስለሆነ ከጁምዓ ሰዓት አስቀድመው ይጨርሱ።

መልስ፦ ከድሬዳዋ ሳቢያን

ውሻው እስኪመጣ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ከተገኙት የጠፉ ድመቶች 75 በመቶው ከጠፉበት በ500 ሜትር ውስጥ ነበሩ። ከቤት ወጥታ የማታውቅ ድመት ቅርብ ተደብቃ ስሟ ቢጠራም ድምፅ አታሰማም። የእኔ የተገኘችው አጠገቤ ባለ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ነው። ማታ ባትሪ ይዘው ዝቅ ብለው ያብሩ፤ ዓይኗ ያበራል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ሁለት ነገር ላሳስብ። ድመት ለብዙ ቀን ካልበላች ጉበቷ ስብ እየሞላ ሊታመም ስለሚችል፣ ስትገኝ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ ይስጧትና ለሐኪም ያሳዩአት። የፈራች ድመት ደግሞ ባለቤቷንም ትነክሳለችና ወፍራም ፎጣ ይያዙ፤ ከነከሰችዎት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደሚያስፈልግዎት ለማወቅ በዕለቱ ጤና ተቋም ይሂዱ። ውሻውም የተከተበ መሆኑን ያረጋግጡ። ምግብም መንገድ ላይ አያስቀምጡ፤ ጅብ ይጠራል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ንጋት ላይ ውሻው መጣ፤ ጨርቁን ካሸተተ በኋላ አፍንጫውን ከግንቡ ሥር ሳያነሳ ተጉዞ፣ አራተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠና አሠልጣኙን ቀና ብሎ አየ። ግቢውን ፈተሽን፣ ምንም አላየንም፤ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። የቤቱ እናት ግን ማታ ተመልሼ እንድመጣ ነገሩኝ፣ የግቢውን በር ዘግተው ቱና ከከሰል ማዳበሪያዎቹ አጠገብ አስቀመጥን። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪ ሳበራ ከማዳበሪያዎቹ ኋላ ሁለት ዓይኖች አበሩ፤ ነጩ ደረቷ ጥቁር ሆኗል። አልነከሰችኝም፤ ፎጣው ውስጥ ገብታ ብቻ ተንቀጠቀጠች። ዛሬ ሐኪም አይቷት ደህና ናት ብሏል። ጨርቋን አላጠብኩትም፤ በፌስታሉ እንደታሰረ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።