አባቴ ከስትሮክ በኋላ መናገር ከብዷቸዋል፣ ስኳራቸውን ከሩቅ እንዴት ልከታተል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴን ስትሮክ ከመታቸው 3 ወር ሆነ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ንግግርም የለም ማለት ይቻላል። ኢንሱሊን ይወጋሉ። ድሮ ስኳራቸው ሲወርድ «አላበኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ» ይሉን ነበር፣ አሁን ግን ዝም ብለው ያዩናል። ትናንት ሌሊት እህቴ ሁኔታቸው ስላላማራት ብትለካቸው 52 ሆኖ አገኘችው። እኔ ያለሁት ሌላ ከተማ ነው። ክንድ ላይ የሚለጠፈውን የስኳር መለኪያ ሴንሰር የተጠቀመ ካለ ይንገረኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እናቱን የሚያስታምም፦
አይዞህ ወንድሜ፣ አባትህን ይማርልህ። ሴንሰሩ ቁጥሩን በብሉቱዝ አጠገባቸው ወዳለው ስልክ ይልካል፣ ከዚያ በኢንተርኔት አንተ ጋ ይደርሳል። ስልኩ ሌላ ክፍል ከተረሳ ወይም ባትሪው ካለቀ ምንም አታይም። እኛ የተሳሳትነው ስኳር ሲወርድ የሚጮኸውን ማንቂያ እኔ ስልክ ላይ ብቻ ማድረጋችን ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጮኸ፣ ቤት ብደውል ብደውል የሚያነሳ የለም፣ ያቺን ሌሊት መቼም አልረሳትም። መጀመሪያ የሚጮኸው አብራቸው የምታድረው እህትህ ጋ ይሁን፣ አንተ ሁለተኛ ነህ።

ነርስ ነኝ፦
ሴንሰሩ የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ እንጂ ደሙን አይደለም። ስለዚህ ስኳር ቶሎ ሲወርድ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፣ ሴንሰሩ ባለበት ክንድ ላይ ከተኙ ደግሞ ያልወረደውን ወርዷል ሊል ይችላል። ቁጥሩና ሁኔታቸው ካልተጣጣመ ጣት ወግቶ ማየት አይቀርም። ማንቂያው የሚጮኸበት ቁጥር ከ70 ትንሽ ከፍ ቢል ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ልኩን ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን መዋጣቸውን አስመርምሩ! ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ይቸገራል፣ አፉ ውስጥ የገባው ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ነቅተው በደንብ የሚውጡ ከሆነ 15 ግራም ስኳር ሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት። ካልነቁ በአፍ ምንም አይሰጥ፣ ስኳር ከፍ የሚያደርገው የግሉካጎን መርፌ ካለ እሱ ይወጋ፣ አምቡላንስ ይጠራ። ደግሞ የስኳር መውረድ ራሱ ስትሮክ ይመስላል፣ አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ አምቡላንስ እየጠራችሁ ለኩ።

ሌላ አንባቢ፦
52 ከታየ ሴንሰሩን ሳትጠብቁ ለሐኪማቸው ንገሩ። ከስትሮክ በኋላ ምግብ ይቀንሳል፣ ኢንሱሊኑ ግን በድሮው ልክ ይቀጥላል። አባቴ ላይ የሆነው ይኸው ነበር።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስለ መዋጡ ማንም አልነገረንም። እህቴ ትናንት የስኳር ውሃ በማንኪያ ስትሰጣቸው ትን ብሏቸው ነበር። አሁኑኑ ደወልኩላት፣ ነገ በጠዋት ይዛቸው ትሄዳለች።