ክርክር፦ ሙዚየም የገቡ አማልክት ወደ አማኞቻቸው ይመለሱ?

አወያይ፦ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ይኼ ነው፤ ዛሬም የሚሰገድላቸው፣ ወይም ድሮ ይሰገድላቸው የነበሩ የአማልክትና የእንስት አማልክት ምስሎች በየሙዚየሙ ቆመዋል። ወደ አማኞቻቸው ይመለሱ ወይስ ባሉበት ይቆዩ? የማን አምላክ እውነተኛ ነው የሚል ጽሑፍ እሰርዛለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

ሜሮን፦ ይመለሱ! ይኼም ያከራክራል እንዴ? በ1984 ኔፓል ውስጥ ከፓታን ከተማ አንድ የድንጋይ ምስል ተሰረቀ፤ ግማሽ አካሉ የሂንዱዎች አምላክ ቪሽኑ፣ ግማሹ ሚስቱ ላክሽሚ ነው። ቆይቶ አሜሪካ፣ ዳላስ ሙዚየም ውስጥ ተገኘ። በ2021 አገሩ ገብቶ የድሮ ቦታው ላይ ተተከለ። ሌባ የወሰደው ለባለቤቱ ቢመለስ ማን ምን ጎደለበት?

ቢኒ፦ ሜሪ፣ ታሪኩን ጨርሺው እንጂ። ዋናው በሌለበት ጊዜ ሰዎቹ ቅጂ አቁመው ሲሰግዱ ነበር። ቅጂ ከበቃቸው ዋናው ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ ቢቀመጥ ምናለ?

ሜሮን፦ መች በቃቸው? ቢበቃቸው ኖሮ ዋናውን አምጡልን ብለው ባልጮኹ። ደግሞ በሂንዱዎች ዘንድ ምስል ተቀርጾ ስላለቀ ብቻ አምላክ አይሆንም፤ ካህናት እስትንፋስ የሚያሰፍኑበት ሥርዓት አለው። ከዚያ በኋላ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል። ሙዚየም ውስጥ መስታወትና ቁጥር ነው የሚደርሰው።

ሳሚ፦ ፍርድ ቤትም ከሜሮን ጋር የቆመበት ጊዜ አለ። በ1976 ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ፣ ፓቱር በምትባል መንደር፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ሲቆፍር ናታራጃን አገኘ፤ የሂንዱው አምላክ ሺቫ ሲጨፍር የሚያሳይ የነሐስ ምስል ነው። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ አንድ የካናዳ ኩባንያ ገዛውና ለንደን ላይ ፖሊስ ያዘው። ይገባኛል ካሉት አንዱ ራሱ ፈርሶ የቆየው ቤተ መቅደስ ነበር፣ የሕግ ሰውነት አለኝ ብሎ። በ1991 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቤተ መቅደሱ ወሰነ። ፍርስራሽ ተሟግቶ አሸነፈ!

ቢኒ፦ ደስ ይላል። ከተመለሱ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ግን አትነግሩንም። አውስትራሊያ በ2008 ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ ሌላ ናታራጃ ገዛች፤ የተሰረቀ መሆኑ ሲታወቅ በ2014 ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በክብር ተሰጠ። ከዚያ የገባው ወደ መቅደሱ ነው? ኩምባኮናም ከተማ ወዳለው የመንግሥት ማከማቻ ነው! አውስትራሊያ፣ ካንቤራ ሙዚየም እያለ ሰው ያየው ነበር።

ሳሚ፦ የስርቆት ክስ ያለበት ምስል እንደ ማስረጃ ይያዛላ። የአስተዳደር ችግር ነው፣ የመመለሱ ጥፋት አይደለም።

ጋሽ ደሬ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። በ1790 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ዋናው አደባባይ ሲቆፈር ኮአትሊኩዌ ወጣች፤ የአዝቴኮች፣ የጥንት የሜክሲኮ ሕዝብ፣ የአማልክት እናት። ቀሚሷ የተጠላለፈ እባብ፣ የአንገት ጌጧ የሰው እጅና ልብ፣ በራሷ ቦታ ፊት ለፊት የገጠሙ ሁለት እባቦች። ወደ ዩኒቨርሲቲው ተወሰደች። ስፔን አገሩን ከያዘ ሁለት ተኩል ምዕተ ዓመት አልፎ፣ ሁሉም ክርስቲያን ተብሎ በተቆጠረበት ጊዜ፣ ሰው ሻማና አበባ ይዞ ወደ እሷ መምጣት ጀመረ። ደንግጠው መልሰው ቀበሯት! በ1803 ሁምቦልት የሚባለው ተመራማሪ ለምኖ አስቆፈራት፤ አይቷት ሲሄድ እንደገና አፈር። ዛሬ የአገሪቱ ትልቁ ሙዚየም ውስጥ ናት። ስለዚህ አማኝ የለም ለማለት አትቸኩሉ።

ሳሚ፦ ጋሽ ደሬ፣ እርስዎ ባሉት ከሄድን መጨረሻ የለውም። ግሪክ በ2017 ለጥንቶቹ አማልክት አምላኪዎች የታወቀ ሃይማኖት ብላ ዕውቅና ሰጥታለች። ነገ መጥተው የእንስት አምላካችንን የአቴናን ምስል ስጡን ቢሉስ?

ሃና፦ መጀመሪያ አቴንስ ካሉት ሙዚየሞች ይጠይቁ ሃሃ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሁላችሁም ምስሉ ሳይበላሽ መኖር አለበት በሚለው ተስማምታችኋል። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ያሉት ነባር ሕዝቦች፣ ዙኒዎች፣ አይስማሙም። አሃዩዳ የሚባሉ መንትያ የጦር አማልክት አሏቸው፤ በየዓመቱ ከእንጨት ተጠርበው ሜዳ ላይ ባለ መቅደስ ይቆማሉ፣ የቀድሞዎቹ እዚያው ጎን ይከመራሉ። ፀሐይና ዝናብ እየበላቸው አፈር እንዲሆኑ ነው፤ ኃይላቸው ወደ ምድር የሚመለሰው እንደዚያ ነው ይላሉ። የሕዝቡ የጋራ ስለሆኑ ማንም ሊሸጣቸው አይችልም፤ ከቦታው የወጣ ሁሉ የተሰረቀ ነው። ከ1978 ጀምረው ከዴንቨር ሙዚየምና ከሌሎችም እየጠየቁ አስመለሱ።

ቢኒ፦ እንዲበሰብሱ? ሃና፣ ይኼማ ቅርስ ማጥፋት ነው። መመለሱን ልቀበል፤ በደንብ ይያዝ የሚል ውል ግን ይኑር።

ሃና፦ የሰው ንብረት መልሰህ እንዴት እንደሚጠቀምበት ውል ታስፈርመዋለህ? ዙኒዎቹ ግድየለሾች አይደሉም። ሌባ እንዳይገባ አጥር አጥረዋል፤ ጣሪያ ግን የለውም፣ ሆን ተብሎ። ዝናቡ እንዲገባ ይፈልጋሉ። አንተ ጥፋት የምትለው ለእነሱ የሥራው ፍጻሜ ነው። መድኃኒት እየቀባ ያቆየው ሙዚየም በእነሱ ዓይን ሥራውን አቋርጦታል። ከቦታቸው ርቀው ሲቆዩ ኃይላቸው ጉዳት ያደርሳል ብለውም ያምናሉ።

ሜሮን፦ የኔንም ሐሳብ አናጋሽው። እኔ ተመልሶ በደንብ ይቀመጥ ነበር ያልኩት።

ቢኒ፦ የልጅ ልጆቻቸው ማየት ቢፈልጉስ?

ሃና፦ በየዓመቱ አዲስ ይጠረባል እኮ! የሚያልቀው እንጨቱ ነው እንጂ ጠራቢው አይደለም።

ጋሽ ደሬ፦ እዚህ ላይ ከሃና ጋር ነኝ። ቢኒ ግን የሩሩቱን ጉዳይ ቢያነሳ ይሻለው ነበር።

ቢኒ፦ እያመጣሁት ነው ጋሽ ደሬ። ሩሩቱ የፓሲፊክ ደሴት ናት፤ አአ የሚባል የእንጨት አምላክ ነበራት፣ ሠላሳ ትንንሽ ምስሎች ገላው ላይ የተለጠፉበት። በ1821 የደሴቲቱ ሰዎች ክርስትናን ተቀበሉና ራሳቸው ወስደው ለሚሲዮናውያን አስረከቡት። ዛሬ የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ነው። የሰረቀ የለም።

ሜሮን፦ አዲሱ ሃይማኖታቸው አሮጌውን ካልጣላችሁ እያላቸው የሰጡትን በፈቃድ ትለዋለህ?

ቢኒ፦ ታዲያ ምን ልበለው? ሰዎቹ አዋቂዎች ነበሩ፣ ወስነው በጀልባ ጭነው ሄዱ። አልወሰኑም ካልን ክርስትናቸውንም የእነሱ አይደለም ልንል ነው። ለዙኒዎቹ ያለ ውል ይመለስ፣ እሺ። አአ ላይ ግን አልነቃነቅም። አያቶቹ የሰጡትን የልጅ ልጅ ማስመለስ ይችላል የሚል ካለ በምን ሕግ እንደሆነ ይንገረኝ። ሳሚ፣ የት ጠፋህ?