በቤት ውስጥ የሚማሩ ልጆችን መርሐ ግብር ምን ያህል ማላላት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ትምህርት በየጊዜው ስለሚቋረጥ፣ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን የ10 ዓመት ሴት ልጃችንንና የ7 ዓመት ወንድ ልጃችንን በቤት ውስጥ ማስተማር ጀምረናል። እንደ ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ መድቤ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 አስተምራቸዋለሁ። ሆኖም ልጅቷ የክፍልፋይ ትምህርት ስንጀምር ፊቷ ይጠቁራል፤ ታናሽ ወንድሟም ብዙ መቀመጥ አይችልም። የሚገርመኝ ግን ቅዳሜ ገበያ አብራኝ ስትሄድ የሩብ ኪሎ በርበሬ ሒሳብ ከነጋዴዋ ቀድማ መናገሯ ነው። ሰዓቱን ባላላው ወደ ኋላ ይቀሩብኝ ይሆን?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር

እኅቴ፣ ሰዓቱን ያለ ስጋት ያላሉት። በትምህርት ቤት ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ጥቂት የማይባለው ስም በመጥራትና ተማሪ ጸጥ በማሰኘት ያልፋል፤ ሁለት ልጆች ብቻ ለያዘ ወላጅ ግን ጠዋት ላይ የሚሠራ ጥቂት ሒሳብና ጥቂት ንባብ ይበቃል፣ በየቀኑ እስካልታጎለ ድረስ። ክፍልፋዩን ልጅቷ በአፏ ታውቀዋለች፤ የቀራት በወረቀት ላይ ማስፈሩ ነው። ኪሎው 800 ብር ቢሆን ሩቡ 200 እንደሆነ ስትነግርዎ፣ ያንኑ 1/4 ብላ ትጻፈው። ቀጥሎም ግማሽ ኪሎና ሩብ ኪሎ አንድ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ይጠይቋት፤ 600 ብር ካለችዎ 1/2 እና 1/4 ደምራ 3/4 አገኘች ማለት ነው። መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ይክፈቱላት።

መልስ፦ የአብነት ትምህርት የተማርኩ፣ የሦስት ልጆች አባት

ይህ አካሄድ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ከፊደል ቆጠራ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚታለፈው ዕድሜ ስለደረሰ ሳይሆን ልጁ የያዘውን ሲያጠራ ነው፤ የቀደመውም የኋለኛውን ያስቀጽላል፣ ማለትም እየመራ ያስነብበዋል። ስለዚህ ልጅዎ ወንድሟን ንባብ ታስቀጽለው፣ የእርሷም ይጸናል። ነገር ግን የኔታ ያልጠራውን ንባብ አያሳልፉም ነበርና፣ እርስዎም ጊዜውን እንጂ ጥራቱን እንዳያላሉ አደራ እላለሁ።

መልስ፦ ልጆቿን በቤት የምታስተምር እናት

ሁለቱም በተናገሩት እስማማለሁ። እኛ ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል ግቢ እንሄዳለን። ልጆቹ የዐፄ ፋሲልን፣ የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊንና የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ሕንፃዎች ይሥላሉ፤ ከዚያም ፋሲል እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667፣ ዮሐንስ እስከ 1682፣ ኢያሱ እስከ 1706 መንገሣቸውን በአንድ መሥመር ላይ አስፍረው፣ ማን ብዙ ዓመት እንደገዛ በመቀነስ ያወጣሉ። ታሪክና ሒሳብ በአንድ ቁጭታ ያልቃሉ።

ያልተነሳው ግን ፈተናው ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ኋላም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ ልጅዎም ለመጀመሪያው ቅርብ ናት። የሚያስተምሩትን በየወሩ ከክፍሏ መማሪያ መጽሐፍ ጋር ያመሳክሩ፣ የሠራችባቸውን ደብተሮችም ቀን እየጻፉ ያስቀምጡ። ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ በየትኛው ክፍል እንደምትመዘገብና ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልጋት ደግሞ የክፍለ ከተማዎን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከአሁኑ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ የምዝገባ ሰሞን ወረፋው ስለሚበዛ በቂ ማብራሪያ አይገኝም።