«አክስቴ፣ የሚያስፈራ ክፈቺልኝ»፦ ለ12 ዓመት ልጅ ሆረር ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ የወንድሜ ልጅ እኔ ጋ ያድራል። 12 ዓመቱ ነው። ሁለት የክፍል ጓደኞቹም ይመጣሉ። ፒዛ ይታዘዛል፣ ሳሎን ፍራሽ ይነጠፋል። ችግሩ ፊልሙ ነው። «አክስቴ፣ የሚያስፈራ ክፈቺልኝ፤ የምር የሚያስፈራ» ይለኛል። የፈለገው «ዘ ኮንጁሪንግ»ን ነው። አባቱን ብጠይቀው «አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እኔ ሆረር ነፍሴ ነው። ግን ልጁ ሰኞ ማታ «አልጋዬ ሥር የሆነ ነገር አለ» እያለ እናቱን ቢቀሰቅስ ጣጣው ለእኔ ነው። ምን ላሳየው? ወይስ ጭራሽ ልተወው?

ፈሪው፦
እህቴ፣ ስሜ አያታልልሽ። ሆረር የምወደው ፈሪ ስለሆንኩ ነው። «ዘ ኮንጁሪንግ»ን (2013) ግን ለ12 ዓመት ልጅ አልከፍትም። ምልክቱ «አር» ነው። አሜሪካ ሲኒማ ቤት ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ አይገባበትም ማለት ነው። የሚገርመው ደም እንደ ጎርፍ አይፈስበትም። አዘጋጆቹ ራሳቸው «ፒጂ-13» (ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይጠንቀቅ የሚል፣ ከ«አር» ቀለል ያለ ምልክት) እናገኛለን ብለው ነበር፤ የሚረብሽ ጥቃትና ሽብር አለበት ተብለው «አር» ተሰጣቸው። ባጭሩ በጣም ስለሚያስፈራ ነው። ለልጅ የሚከብደውም ይኸው ነው። ደም ሲያይ «ኬቻፕ ነው» ብሎ ይስቃል። ጨለማ ውስጥ የምታጨበጭብ እጅ ግን አልጋው ድረስ ትከተለዋለች።

ይከልከል ግን አልልም። «ኮራላይን»ን (2009) ክፈቺለት። አሻንጉሊቶቹን በእጅ እያንቀሳቀሱ በትንሽ በትንሹ የቀረጹት ፊልም ነው። ሲጀምር የልጅ ፊልም ይመስላል። ያቺ ሌላኛዋ እናት በዐይኗ ቦታ የሸሚዝ ቁልፍ ተሰፍቶባት ስትመጣ አዋቂውም ትራስ ያቅፋል።

ዲያቆኑ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። ፊልም ጠልቼ አይደለም። ልጅ መፍራት አለበት የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ነው ያልገባኝ። ፍርሃት ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነው፤ በፒዛ መጋበዙ ምን ይባላል? ሌላው ደግሞ የእነዚያ የሁለቱ ልጆች ወላጆች ጉዳይ ነው። ጠይቀሻቸዋል? ወንድምሽ «አንቺ ታውቂያለሽ» ብሏል እንበል፤ የሰው ልጆችስ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ውይ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ።

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦
ልጆች፣ እኔ ላውጋችሁ። እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበረ። የጭቃ ግድግዳ ያላት ክፍል፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ። 50 ሳንቲም ከከፈልክ ዕድሜህን የሚጠይቅህ የለም። 11 ዓመቴ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ካሴቱ የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ምስሉ ላይ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። ሙታን ተነስተው ቤት ከበዋል። እንግሊዝኛ የምንሰማ ስላልነበርን ከፊት የተቀመጠ ጎረምሳ «አሁን ይገባሉ፣ አሁን ይበሉታል» እያለ ይተረጉምልናል፤ ግማሹን ከራሱ እንደጨመረው ያወቅኩት ኋላ ነው። ስንወጣ መሽቷል። ቤት ለመድረስ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ማለፍ አለብኝ፣ ከአጥሩ ወዲያ መቃብር ነው። እንዴት እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ። አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ቀረ። እናቴ ለጫማው ገረፈችኝ፤ ስለ ፊልሙ የጠየቀኝ የለም። ስሙን የሰማሁት ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ይባላል። እና ምን ሆንኩ? ይኸው ሦስት ልጅ አሳደግኩ።

ዲያቆኑ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነዎት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አግዳሚው ላይ አብረውዎት የነበሩት ልጆች ሁሉ ደህና መሆናቸውን ግን አልነገሩንም።

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦
እሱስ እውነት ነው። አንዱ ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሽንት ቤት ብቻውን አይሄድም ነበር። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው። የማጅበው እኔ ነኝ። የማጅበውም እየፈራሁ ነው።

ፈሪው፦
ጋሼ ያነሱት ፊልም ለዚህ ክርክር ከየትኛውም በላይ ይመጥናል። ጆርጅ ሮሜሮ የሠራው ነው፤ የወጣው በ1968 ኦክቶበር መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ አሁን ያለው የዕድሜ ምልክት የተጀመረው ደግሞ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን ነው። በአንድ ወር ቀደመው ማለት ነው። ስለዚህ ልጆችን በር ላይ የሚመልስ ምልክት አልነበረም። ሮጀር ኢበርት የሚባለው የፊልም ሃያሲ ልጆች በሞሉበት የቀን ትርኢት ላይ ገብቶ ያየውን ጽፎታል። መጀመሪያ ልጆቹ እየጮኹ ይዝናናሉ። እየቆየ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከእሱ ማዶ የተቀመጠች ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ሳትነቃነቅ ታለቅሳለች። ይሄን ሁሉ ሆረር አይቼ ያልረሳኋት እሷን ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን የለችም።

ጋሼ፣ ሰፈርዎ ድረስ የመጣበት ምክንያትም ሳይኖረው አይቀርም። አከፋፋዮቹ የፊልሙን ስም ሲቀይሩ የባለመብትነት ማስታወቂያውን ሳይጽፉበት ቀሩ። በዚያን ጊዜው ሕግ ይህ ማለት ያገኘ ሁሉ ቀድቶ ሊሸጠው ይችላል ማለት ነበር።

የሊድሷ፦
እኔ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ስቀድድ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። እንግሊዝ ውስጥ «18» የተባለ ፊልም ላይ እናትም ትምጣ አያትም ትምጣ ልጁ አይገባም። አለቀ። አሜሪካ «አር» ላይ ወላጅ ካለ ይገባል፤ ምልክቱም የኢንዱስትሪው የራሱ ስምምነት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እኔ የእንግሊዙ ይሻለኛል ስል ብዙ ሰው ይቆጣል። በሩ ላይ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ። አንዷ ሕፃን አቅፋ መጥታ «ችግር የለም፣ ይተኛል» ብላ ተከራክራኛለች። በዚያ ድምፅ ማን ይተኛል?

ቁጥሩም ቢሆን ያታልላል። በ2012 «ዘ ውመን ኢን ብላክ» ወጣ። «12ኤ» ተባለ፤ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ከሆነ ይገባል። ያውም ስድስት ሴኮንድ ያህል ተቆርጦለት፣ ድምፁም ቦታ ቦታ ተቀንሶለት ነው። ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ራድክሊፍ ስለሆነ ወላጅ ሁሉ «የሃሪ ፖተሩ ልጅ ነው» ብሎ ልጁን ይዞ ጎረፈ። በዚያ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ከሁሉም ፊልም በላይ አቤቱታ የቀረበበት እሱ ነው፤ ከመቶ በላይ ሰው ጽፏል። ምልክት አንባቢ ካልሆናችሁ ምልክት ምንም አያደርግላችሁም።

ገና 17፦
እናንተ ስለ በር ታወራላችሁ። በሩ የት አለ? የ12 ዓመት ልጅ እኮ የ«ዘ ኮንጁሪንግ»ን ዋና ዋና ቦታ ቲክቶክ ላይ ተቆራርጦ አይቶታል። እኔ «ሄሬዲተሪ»ን ሳላየው በፊት የመኪናዋን ትዕይንት ስልኬ ላይ አይቻታለሁ። ብቻዬን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ክው ነው ያልኩት። በኋላ ሙሉውን ከእህቴ ጋር ሳየው ያን ያህል አልከበደኝም። የገደለችኝ ብቻዬን ያየኋት ያቺ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቅንጫቢ ናት። አክስቱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ብታሳየው አይሻልም?

ዲያቆኑ፦
ልጁ ጥሩ ተናገረ። ግን «ስልኩ ላይ ስለሚያየው ቤትም ይየው» ካልን ማቆሚያው የት ነው? በዚህ ሒሳብ ነገ ሲጋራውንም ከአጎቱ ጋር ያጭስ ልንል ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ኧረ ዲያቆን! ሲጋራና ፊልም ምን አገናኘው? እስቲ እኔን አያቴ በምን አሳደገችኝ? በአያ ጅቦ! «አትተኚም? ልጥራልሽ?» ትለኛለች፣ መብራት ጠፍቶ፣ የከሰሉ ፍም ብቻ እየበራ። ጭራቁ ልጅቷን በስልቻ ከቶ ሲሄድ እኔ እግሬን ሰብስቤ ጋቢዋ ውስጥ እገባለሁ። ያኔ ስንት ዓመቴ ነበር? አምስት! ማን ምልክት ለጠፈበት?

ዲያቆኑ፦
አያትሽ ታዲያ ተረቱ ሲያልቅ ምን ይሉ ነበር? «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ»። እዚያ ላይ ጅቡ ዱሩ ይገባል፤ አንቺም ጎናቸው ትተኛለሽ። የዛሬ ሆረር አለቀ ስትይ ጭራቁ ዐይኑን ይገልጥና ክፍል ሁለት ይመጣል።

ፈሪው፦
ሃሃሃ፣ ይሄን ሰጠሁህ።

የእንጦጦ ልጅ፦
ይሄን ሁሉ ስታወሩ «ዘ ኤግዞርሲስት»ን ያነሳ ሰው የለም? የ1973 ነው፤ ርኩስ መንፈስ ስለያዛት ልጅ ነው። በ10 ዘርፍ ለኦስካር የታጨ ፊልም ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ቪዲዮው እስከ 1999 ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ በሕጋዊ መንገድ አይሸጥም ነበር። ፈረንጁ ሲኒማ ቤት ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ ተብሎ ተወርቷል። እኔ ያደግኩት ጠበል አጠገብ ነው። ጠዋት ከእናቴ ጋር ስሄድ ሴትዮዋ በወንድ ድምፅ ስትጮህ ሰምቻለሁ፣ አራት ጎልማሳ ይዟት ሲያቅተው አይቻለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን ሳየው አልጋው መንቀጥቀጡም ድምፁም እንግዳ አልሆነብኝም። እኔን ያስፈራኝ የሆስፒታሉ ነው። ልጅቷን ያስተኟትና አንገቷ ላይ መርፌ ያስገባሉ፣ ማሽኑ እንደ መዶሻ ይደበድባል፣ ሐኪሞቹም ምን እንደያዛት አያውቁም። እሱን ነው እስከ ዛሬ የማዝለው።

ዲያቆኑ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጠበል ቦታ የምትጮኸው ሴት የታመመች ሰው ናት፣ የሆነ ሰው እናት ናት። እንደ ትዕይንት ባትነሳ ደስ ይለኛል። ደግሞስ በስምንት ዓመትህ ያንን ማየትህ ጠቀመኝ ነው የምትለው?

የእንጦጦ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ አነጋገሬ ሸካራ ሆነ። ጠቀመኝ አልልም። እናቴ በነጠላዋ ፊቴን ስትሸፍነው አስታውሳለሁ። ነጠላው ግን ስስ ነው፤ በክሩ መሃል ሁሉንም አይ ነበር።

ፈሪው፦
ወደ ቅዳሜው እንመለስ። እህቴ፣ ሪሞቱን ከእጅሽ አትልቀቂ። ሆረር ከዐይን ይልቅ በጆሮ ነው የሚገባው። ጸጥ፣ ጸጥ፣ ጸጥ ይልና ቧ! ካላመንሽ የምትፈሪውን ትዕይንት ድምፁን አጥፍተሽ እዪው፤ ግማሹ ፍርሃት ይሄዳል። አንዱ ልጅ ፊቱ ከተለወጠ ድምፁን ቀንሺ፣ ማንም ሳያውቅበት። ሌላው፣ አሠራሩን አውሪያቸው። «ሳይኮ» (1960) ላይ ሻወር ቤት የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አይለየውም። «ጆውስ» (1975) ውስጥ ሻርኩ ለረጅም ጊዜ የማይታየው ማሽኑ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው ነው። ይሄን ያወቀ ልጅ ሲፈራም እየመረመረ ነው የሚፈራው።

«ኮራላይን» ትንሽ ቀለለ ካሉሽ፣ ወላጆቻቸውም እሺ ካሉ፣ «ኤ ኳየት ፕሌስ» (2018) ወይም «ዘ አዘርስ» (2001)። ሁለቱም «ፒጂ-13» ናቸው። «ዘ አዘርስ» ውስጥ ደም ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ መጋረጃ፣ ቁልፍ፣ ጭጋግ ነው። ግን ይዘገያል፣ ፒዛው ሳያልቅ ሊያዛጉ ይችላሉ።

ገና 17፦
የ«ዘ አዘርስ» መጨረሻ ግን አሪፍ ነው፣ ለካ እናትየዋ

የሊድሷ፦
አንተ! ዝም በል! ያላየ ሰው አለ!

ገና 17፦
እሺ እሺ፣ አልተናገርኩም።

የሊድሷ፦
ለአዋቂዎቻችሁ ደግሞ «ሂዝ ሃውስ»ን (2020) እዩት። ከደቡብ ሱዳን ተሰደው እንግሊዝ የገቡ ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ያረጀ ቤት ይሰጣቸዋል። ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ቤቱን ጥለው እንዳይወጡ የጥገኝነት ጉዳያቸው ሊበላሽ ነው። እኔም መጀመሪያ የተሰጠኝ ክፍል የግድግዳው ወረቀት የተላላጠ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ነበር። ቅሬታ የላትም እንዲሉኝ ስስቅ አስታውሳለሁ፣ ልክ እንደ ሰውየው። ከጭራቁ ይልቅ ያ ፈገግታ ነው ያስለቀሰኝ። ይሄን ለልጅ አታሳዩ፤ ስለሚያስፈራ ሳይሆን ስለማይገባው።

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦
ይሄን ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ሚስቴ ግን አታይም፣ «በቤቴ ሰይጣን አትክፈትብኝ» ነው የምትለው።

ዲያቆኑ፦
ሰላም በሉልኝ ጋሼ። ወገኔ እሳቸው ናቸው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እሑድ ጠዋት ነው፣ ሪፖርት ላቅርብ። የአንደኛው ልጅ እናት «ኮራላይን ከሆነ እሺ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም» አለች። የሌላው አባት ግድ የለውም። ስለዚህ «ኮራላይን» ሆነ። የወንድሜ ልጅ «የሕፃን ፊልም!» ብሎ አኮረፈ። ቁልፍ ዐይኗ ስትመጣ ድምፁን ቀስ አድርጌ ቀነስኩ። ዞሮ «አክስቴ፣ ለምንድን ነው የቀነስሽው?» አለኝ፤ አልሸወድኩትም። ግማሽ ላይ አንዱ ጓደኛው ምንም ሳይናገር ፍራሹን እየጎተተ ወደ ሶፋዬ ተጠጋ፣ ከዚያ ሌላው። ሲያልቅ ሦስቱም ባንድ አፍ «ምንም አያስፈራም» አሉ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። ሦስቱም ተሰልፈው ሽንት ቤት እየሄዱ ነው።

ጋሽ ቪዲዮ ቤት፦
ማን ነበር ከፊት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
የወንድሜ ልጅ። የስልኩን መብራት አብርቶ።