ክርክር፦ «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ማለት ምንጭ መጥቀስ ነውን? (ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በሰፈራቸው ነው፤ ከዚራና መጋላ የድሬዳዋ ሰፈሮች ሲሆኑ ጁገል በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ ናት።)

የከዚራው፦ ስለ ድሬዳዋ ታሪክ በኢንተርኔት የሚጽፍ ሰው የወሰደበትን ምንጭ በስም የመጥራት ግዴታ አለበት ወይስ «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ብሎ ማለፍ ይበቃዋል? ጥያቄውን ያነሣሁት፣ ሁለት ወር የደከምኩበትን ስለ ባቡር ጣቢያው የሚያትት ጽሑፍ አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከነፊደል ግድፈቱ ወስዶ በራሱ ስም ስላወጣው ነው። ግድፈቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ የያዝኩትም በእርሱ ነው።

የመጋላው፦ ወንድሜ፣ ቅሬታህ ይገባኛል፤ ነገር ግን ታሪክ የማንም የግል ርስት አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ መድረሱን አንተ አልፈጠርከውም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ቢሆን ሐሳብንና ተራ መረጃን አይጠብቅም። በስልኩ ሦስት አንቀጽ የሚጽፍን የሰፈር ልጅ እንደ መመረቂያ ጽሑፍ የግርጌ ማስታወሻ ደርድር ብንለው መጻፉን ይተወዋል።

የከዚራው፦ አዋጁን በግማሹ ጠቀስከው። መረጃው የሁሉም ቢሆንም የተጻፈበት አገላለጽ የጸሐፊው ነው፤ ያው አዋጅ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ሲፈቅድ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲገለጽ ይጠይቃል። የግርጌ ማስታወሻ ማን ጠየቀ? «እገሌ እንደጻፈው» ብሎ መጀመር በቂ ነው።

የጁገሏ፦ ከሐረር ልግባበት። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ባለቤትነት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ አንባቢው ነው። «ድሬዳዋ በ1902 ዓ.ም. ተቆረቆረች» የሚል ጽሑፍ ስንት ጊዜ አንብባችኋል? 1902 የፈረንጆቹ ዓመት ሲሆን ባቡሩ የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ነው። አንዱ ከውጭ ጽሑፍ ሲተረጉም «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ጣላት፤ ቀጣዩ ምንጭ ሳይጠራ ገለበጠው፤ ከተማዋም በሰባት ዓመት ወጣት ሆነች። ስለ ጁገል ሲጻፍም 82 መስጊድና 102 የአውሊያ መቃብር የሚለው ቁጥር አይቀርም፤ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው ቅርስ መግለጫ ላይ የሰፈረ መሆኑን የሚነግረን ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

የመጋላው፦ እህቴ፣ ይህኛው ከባድ ነው። ይሁንና ከአያቴ የሰማሁትን የቀፊራ ገበያ ወሬ ማን ብዬ ልጥቀስ?

የጁገሏ፦ አያትህን ነዋ! አንድ ጸሐፊ እናቴ ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ቡና እየጠጣ ስለ ስፌት አሠራር፣ ስለ ቀለሙና ስለ አለላው አንድ በአንድ ጠይቋት ሄደ። ጽሑፉ ሲወጣ እናቴ «የአካባቢው ነዋሪዎች እንደሚሉት» ሆና ቀረች። መጽሐፍ የጻፈውን ከነማዕረጉ እየጠራን፣ በቃል የነገረንን ስም አልባ ማድረጋችን ከቅጂ መብት ጥሰት ይልቅ ያሳፍረኛል። እርግጥ ስሜ አይጠራ የሚል ሰው ይኖራል፤ እርሱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የመጋላው፦ አሁንም የግርጌ ማስታወሻውን አልቀበልም፤ በጽሑፉ ውስጥ ስም መጥራቱን ግን ተቀብያለሁ። ያንን 1902 ዓ.ም. ባለፈው ዓመት እኔም ጽፌዋለሁ፤ ከየት እንደወሰድኩት ዛሬ ብፈልገው አጣሁት። የእኔን ላርመው እችላለሁ፤ ከእኔ የገለበጡት ግን ስሜን ስላልጠሩ የት የት እንዳደረሱት ላውቅ አልቻልኩም።